የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመርከቡ ሐኪምና የመስታወቱ ሣጥን

ባለፈው እትማችን ስለ ዕፀዋት ሰብሳቢዎች ስንጽፍ የስኮትላንዱን ተወላጅ አርቺባልድ ሜንዚስን (1754–1842) በሁለት መስመር ጠቅሰን አለፍነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም እንደነበረ፣ ከካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር ጋር ዓለምን እንደዞረና ብዙ ዕፀዋት እንደሰበሰበ ብቻ ነበር ያልነው። ሁለት መስመር እንዳላረካችሁ ከደብዳቤዎቻችሁ ተረድተናል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*ሐኪም የሆነ ሰው እንዴት ዕፀዋት ሰብሳቢ ይሆናል? ሁለቱን ሙያ ምን አገናኛቸው?* — የሕክምና ተማሪ፣ ከጎንደር

በዚያ ዘመን ሁለቱን መለየት ነበር የሚከብደው። ኤዲንብራ ሕክምና የሚማር ሰው ዕፀዋትን አብሮ ይማራል፤ መድኃኒቱ አብዛኛው ከቅጠል፣ ከሥርና ከልጥ የሚገኝ ነውና። የአንድ የመርከብ ሐኪም የመድኃኒት ሣጥን ቢከፈት ለንዳድ የሲንኮና ልጥ፣ ለሕመምና ለተቅማጥ ኦፒየም፣ ለማስመለስ ኢፔካክ፣ ሆድ ለማጠብ ጃላፕ የሚባል ሥር ይገኝበታል። ከማዕድን ወገን ካሎሜል የተባለው የሜርኩሪ ጨው ነበረ፤ እሱ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝን ነበር። የሲንኮናን ልጥ ከሌላ ርካሽ ልጥ ጋር ደባልቆ የሚሸጥ ነጋዴም አይጠፋም። በመልኩ፣ በስብራቱና በምሬቱ መለየት ያልቻለ ሐኪም ሕመምተኛውን በንዳድ ያስጨርሳል።

ሜንዚስ ደግሞ ከሕክምናው በፊት ከአትክልት ጋር ነበር የተዋወቀው። የተወለደው ፐርትሻየር ውስጥ፣ አበርፌልዲ አካባቢ ነው። ኤዲንብራ በሚገኘው የዕፀዋት አትክልት ስፍራ ሠርቷል፤ ወደ ሕክምና ትምህርት የመራውም የስፍራው ኃላፊና የዕፀዋት ፕሮፌሰር የነበሩት ጆን ሆፕ ናቸው። ባሕር ኃይል ገብቶ ሰሜን አሜሪካ፣ ሃሊፋክስ ወደብ ላይ ሲያገለግል ዘር እየለቀመ ለንደን ላሉት ለሰር ጆሴፍ ባንክስ ይልክ ጀመር። ባንክስ የኬው የንጉሡን አትክልት ስፍራ ከበስተጀርባ የሚያንቀሳቅሱ ትልቅ ሰው ነበሩ። ጥሩ ዘር በጥሩ ወረቀት ታሽጎ፣ የተለቀመበት ቦታ ተጽፎበት ሲደርሳቸው ላኪውን አይረሱም። ሜንዚስ ከ1786 እስከ 1789 በአንዲት የጠጉር ንግድ መርከብ ሐኪም ሆኖ ፓሲፊክን ዞረ፤ በ1790 ደግሞ በባንክስ ድጋፍ «ዲስከቨሪ» በተባለችው የመንግሥት መርከብ ላይ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሆኖ ተሾመ። መርከቧ በቫንኩቨር እየተመራች፣ 100 ሰው ጭና በሚያዝያ 1791 ከእንግሊዝ ተነሣች። የመርከቧ ሐኪም ስለታመመ በመስከረም 1792 የሕክምናውም ሥራ በሜንዚስ ላይ ተደረበ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ቁስል ያጥባል፣ ከሰዓት ተራራ ይወጣል።

*ማደንዘዣ ሳይኖር እግር እንዴት ይቆረጥ ነበር? በዚያ በሚናወጥ መርከብ ላይ?* — ነርስ፣ ከአዳማ

በውጊያ ጊዜ ሐኪሙ የሚሠራው ከውኃው ወለል በታች ባለው ክፍል ነው፤ መድፍ እንዳያገኘው። መስኮት የለም፣ ብርሃኑ የሻማና የፋኖስ ነው፣ ጣሪያው ጎንበስ ያሰኛል። ሜንዚስ ይህን ያየው በሚያዝያ 1782 ነው፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ካሪቢያን ላይ ባደረጉት የሴንትስ ውጊያ «ነንሳች» በተባለች መርከብ ረዳት ሐኪም ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሚቆረጠው ቦታ በላይ ጠመዝማዛ ብሎን ያለው ማሰሪያ ይጠብቃል፤ የደም ሥሩን ተጭኖ ይይዛል፣ ሲያስፈልግም ጥቂት ላላ ይደረጋል። ቆዳው ዙሪያውን ይቆረጥና ወደ ላይ ይሳባል፤ ጡንቻው ከቆዳው ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ ደግሞ ከጡንቻውም ከፍ ብሎ በመጋዝ ይቆረጣል። ይህ የደረጃ አቆራረጥ ካልተጠበቀ አጥንቱ ከሥጋው ወጥቶ ይቀራል፤ ቁስሉም አይድንም። ቀጥሎ የደም ሥሮቹ ጫፍ እየተሳበ ሰም በተቀባ ክር ይታሰራል። የክሩ ጭራ አይቆረጥም፤ ከቁስሉ ውጭ ይንጠለጠላል፣ ከቀናት በኋላ ከመግል ጋር በራሱ ይወጣል። ፈጣን እጅ ይህን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል። ኤተር ለማደንዘዣነት በይፋ የታየው በ1846 ስለሆነ ሕመምተኛው የሚይዘው ነገር ቢኖር የጓደኞቹን ክንድ ነው።

ብዙ ሰው የሞተው ግን በመቁረጡ ሰዓት አይደለም። ክሩ የደም ሥሩን አበስብሶ ቀድሞ ሲወጣ ድንገተኛ ደም ይፈስሳል። መንጋጋ ቆልፍ አለ፣ የሥጋ መበስበስ አለ። መጋዙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይታጠብ ነበር የሚሸጋገረው፤ ስለ ጀርም ማንም አያውቅም ነበር።

*ስከርቪ ለምን ያን ያህል መርከበኛ ፈጀ? ሎሚ እንደሚያድን አያውቁም ነበር?* — አንባቢ፣ ከሐዋሳ

ያውቁ ነበር፤ ለምን እንደሚያድን ነው ያላወቁት፤ ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ስከርቪ የቫይታሚን ሲ እጥረት በሽታ ነው። የሰው ሰውነት ቫይታሚን ሲ አይሠራም፤ ያጠራቀመውም ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። በቀን 10 ሚሊ ግራም ያህል በሽታውን ለመከላከል ይበቃል፤ ደረቅ ብስኩትና በጨው የተቀመጠ ሥጋ ግን ያንንም አይሰጡም። ያለ እሱ ሥጋን ከሥጋ የሚያያይዘው ኮላጅን አይጸናም። ድድ ያብጣል፣ ይደማል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፤ ከብዙ ዓመት በፊት የዳነ ቁስል ሳይቀር እንደገና ይከፈታል።

ጄምስ ሊንድ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም በ1747 አሥራ ሁለት ሕመምተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ስድስት ዓይነት ነገር ሞከረባቸው፦ የፖም ጠጅ፣ የተበረዘ የሰልፈር አሲድ፣ ኮምጣጤ፣ የባሕር ውኃ፣ የነጭ ሽንኩርትና የሰናፍጭ ልውስ፣ በመጨረሻም በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ። ብርቱካንና ሎሚ የበሉት በስድስት ቀን ውስጥ አገገሙ። ሊንድ ግን ጭማቂው ለረጅም ጉዞ እንዲቆይ በእሳት እያወፈሩ ማስቀመጥን መከረ። ሙቀት ቫይታሚኑን ያጠፋዋል፤ የወፈረው ጭማቂ ሲቆይ ጭራሹን ባዶ ይሆናል። ባሕር ኃይሉ ያልፈላ የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ እንዲታደል የፈቀደው በ1795 ነው፤ መጠኑ በቀን 20 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በስኳርና በአልኮል መጠጥ ተበርዞ።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ «ዲስከቨሪ» ከካሊፎርኒያ ወደ ቺሊ ስትወርድ ስከርቪ ገባባት። ቫንኩቨር ምርመራ አደረገ። ምግብ አብሳዩ የጨው ሥጋ ሲቀቀል ከላይ የሚንሳፈፈውን ጮማ እየገፈፈ፣ ከአተር ጋር እንዲበሉት ለመርከበኞቹ ሲሰጥ ተገኘ። ይህ በካፒቴኑ ትእዛዝ የተከለከለ ነበር። በሽታው የመጣው ከጮማው ነው ተባለ፤ ዛሬ ስናየው ዋናው ምክንያት ለወራት ትኩስ ነገር አለመቅመሳቸው ነው። ቫልፓራይሶ ደርሰው አትክልትና ፍራፍሬ ሲያገኙ ዳኑ።

በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ዳርቻ ሳሉ ደግሞ የዛፍ ቢራ ይጠምቁ ነበር። ከጥድ መሰሎቹ ዛፎች ለጋ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፤ ልጡ በቀላሉ እስኪላጥ ሦስት አራት ሰዓት ይቀቀላል፤ ቅርንጫፉ ወጥቶ ሞላሰስ ይጨመርበታል፤ ለብ ሲል የቢራ አተላ ወይም እርሾ ይገባበታል፤ በጥቂት ቀን ይጠጣል። ይህ ሁሉ መቀቀል ቫይታሚኑን ስለሚቀንሰው እንደ መድኃኒት ደካማ ነው። ለጋውን ቅጠል ሞቅ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ ወዲያው መጠጣት ይሻል ነበር።

*በጉዞው ላይ በበሽታ የሞተ አለ?* — ከድሬዳዋ

እጅግ ጥቂት ሰው ነው የሞተው፤ ለአራት ዓመት ተኩል ጉዞ የሚያስደንቅ ነው። በብዛት የሚነገረው የጆን ካርተር ነው። በሰኔ 1793 በዛሬዋ ካናዳ ጠረፍ፣ በጀልባ ጠረፍ የሚቀይሱ መርከበኞች ለቁርስ ከድንጋይ ላይ የለቀሙትን ጥቁር ባለ ሁለት ክፋይ የባሕር ዛጎል፣ መስልስ የሚባለውን፣ ጠብሰው በሉ። ብዙም ሳይቆይ የአንዳንዶቹ ፊት፣ ከንፈርና ጣት ደነዘዘ፤ ራሳቸውን አዞራቸው። ሞቅ ያለ ውኃ እየጠጡ ያስመለሱት ተሻላቸው፤ ካርተር በሰዓታት ውስጥ ሞተ። ቦታው እስከ ዛሬ የመርዝ ወሽመጥ ይባላል።

መርዙ ዛጎሉ ራሱ የሚሠራው አይደለም፤ ከሚመገባቸው ደቂቅ የባሕር ሕያዋን ያጠራቅመዋል። መጥበስም መቀቀልም አያጠፋውም፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። የሚገድለው የመተንፈሻ ጡንቻዎችን በማሰር ስለሆነ ዛሬም ሕክምናው መርዙ ከሰውነት እስኪወጣ በመሣሪያ ማስተንፈስ ነው።

*ሜንዚስና ካፒቴን ቫንኩቨር በዕፀዋት ተጣሉ የሚባለው እውነት ነው?* — ሦስት አንባቢያን፣ ከአዲስ አበባና ከዋሽንግተን

እውነት ነው፤ ሐኪሙ እስከ መታሰርም ደርሷል። ጠቡን ለመረዳት ግን ሣጥኑን ማወቅ ይቀድማል።

ባንክስ ለሜንዚስ የሰጡት መመሪያ ዘር ማግኘት ካልተቻለ ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ለዚሁ በተሠራው የመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዲተክለው ያዛል። ሣጥኑ የተቀመጠው መኮንኖቹ በሚመላለሱበት በመርከቡ የኋላ ወለል ላይ ነበር። ይህ የካፒቴኑ ቦታ ነው። ገመድ የሚሳበው፣ ትእዛዝ የሚሰጠው፣ አቅጣጫ የሚለካው እዚያ ነው። ቫንኩቨር ሣጥኑን በየቀኑ እየተደናቀፈበት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለተክሉ ደግሞ ባሕር ላይ መኖር በየሰዓቱ ፈተና ነው። የባሕር ፍንጣቂ ቅጠል ላይ ሲደርቅ ጨው ይሆናል፤ ጨዉም ከቅጠሉ ውኃ ይመጥጣል፤ በጣፋጭ ውኃ ካልታጠበ ዳር ዳሩ ይቃጠላል። ጣፋጭ ውኃ ግን ለሰውም በስፍር ነው። ሣጥኑ ተዘግቶ ከዋለ በምድር ወገብ ሙቀት ሻጋታ ይበላዋል፤ ተከፍቶ ካደረ ንፋስና ዝናብ ይሰብረዋል። አይጥ ሥሩን ይቆፍራል፣ ከእንስሳቱ መካከል የተፈታ ፍየል ካለ አንድ ጠዋት ይበቃዋል። ስለዚህ ንፋሱን እያየ የሚከፍት፣ የሚዘጋና የሚያጥብ አንድ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ሜንዚስ እንዲህ ያለ አገልጋይ ተመድቦለት ነበር።

በሐምሌ 1795 መገባደጃ፣ መርከቧ ከሴንት ሄሌና ተነሥታ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ቫንኩቨር ያንን ሰው ከሣጥኑ አንሥቶ ወደ መርከቡ ተራ ጥበቃ አስገባው። ሣጥኑን የሚከድን ጠፋ፤ ኃይለኛ ዝናብ ወርዶ ለጋዎቹን ቡቃያዎች ደመሰሳቸው። ሜንዚስ ሄዶ አቤቱታ አቀረበ። ካፒቴኑ «ተዳፈርከኝ፣ ናቅኸኝ» ብሎ አሰረው፤ በጦር ፍርድ ቤት እንዲዳኝም ጠየቀ። ሜንዚስ ለባንክስ ሲጽፍ የምድር ወገብን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያቋርጡ ለምልመው ከነበሩት ከብዙዎቹ የሚያሳየው የደረቀ ጉቷቸውን ብቻ እንደሆነ ገለጸ። በኋላ ይቅርታ ጠየቀ፤ ክሱም ተነሣ። የጉዞ ማስታወሻውን ለካፒቴኑ ስለማስረከብ ሌላ ጭቅጭቅ ነበረባቸው፤ እሱን እንለፈው።

ማን አጠፋ? በእኛ አስተያየት ካፒቴኑ ሰው የማዘዝ መብት ነበረው፤ ሕመምተኛም ነበር፤ በ1798 በ40 ዓመቱ ሞቷል። ነገር ግን የዓመታት ልፋት የሚጠብቅን አንድ ሰው ማንሣት ለመርከቧ ምንም የጨመረላት ነገር አልነበረም። የዋናው ችግር ምንጭ ግን ሁለቱም አይደሉም፤ በአንድ አገልጋይ ትኩረት ላይ የተንጠለጠለ አሠራር ነበር። መፍትሔው የመጣው ናትናኤል ዋርድ ከተባለ የለንደን ሐኪም ነው። በ1829 በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ባስቀመጠው እርጥብ አፈር ላይ ፈርንና ሣር በቅለው አየ። ከአፈሩ የሚተነው እርጥበት ሌሊት መስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል፤ ውኃ ማጠጣት አያስፈልግም፣ የጨው ፍንጣቂም አይገባም። በ1833 እንዲህ ያሉ የታሸጉ ሣጥኖች ወደ ሲድኒ ተላኩ፤ ተክሎቹ በሕይወት ደረሱ። ብቸኛ ጠላታቸው የተሰነጠቀ መስታወት ነው።

*ተማሪዎቼ ዕፀዋት እንዲያደርቁ እፈልጋለሁ። ሜንዚስ የተጠቀመበት ዘዴ ዛሬም ይሠራል?* — የባዮሎጂ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

ይሠራል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፀዋት ማከማቻ) ያሉት ናሙናዎችም በመሠረቱ በዚሁ መንገድ የደረቁ ናቸው። አበባ ወይም ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ይምረጡ፤ ቅጠል ብቻ ከሆነ ለመለየት ያስቸግራል። መጠኑ 42 በ29 ሴንቲ ሜትር ከሚያህል ወረቀት እንዳይወጣ፤ ረዥም ሣር ከሆነ በ«ዘ» ቅርጽ ያጥፉት። በጋዜጣ መካከል ዘርጉት፤ ቢያንስ አንድ ቅጠል በጀርባው ይገልበጥ፣ የጀርባው ጠጉርና የደም ሥር መሰል መስመሮቹ ለመለየት ይጠቅማሉና። በላይና በታች ካርቶን አድርገው በሁለት ጣውላ መካከል በጠፍር አጥብቀው ይሰሩት።

አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት ጋዜጣው በየቀኑ መለወጥ አለበት። ካልተለወጠ ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ይሻግታል። የወጣውን እርጥብ ጋዜጣ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አድርቀው መልሰው ይጠቀሙበት። ለሜንዚስ ይህ ትልቁ ራስ ምታት ነበር፤ መርከብ ውስጥ የሚደርቅ ነገር የለም። እንደ ቁልቋልና እንደ እሬት ውኃ የሚይዙትን ለሁለት ሰንጥቀው ውስጡን ፍቀው ያውጡ፤ ያለዚያ መጫኛው ውስጥ ሆነው ማደጋቸውን ይቀጥላሉ። የተጫነው ክምር እንዳይጎረብጥ ወፍራም ፍሬ ለብቻው በከረጢት ይቀመጥ፤ በአንድ ቁጥር ይያያዙ።

ምልክት ወረቀቱ ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይጻፍ፤ የአበባው ቀለምም እዚያው እንደተቆረጠ ይመዝገብ፤ ሲደርቅ ይጠፋል።

*የእንግሊዝ አትክልት ስፍራዎች ውስጥ ያለውን እሾሃማ የቺሊ ዛፍ፣ አራውካሪያ፣ ሜንዚስ ከራት ግብዣ ላይ ኪሱ ውስጥ ከትቶ አመጣው ይባላል። ይታመናል?* — ከለንደን

ዛፉን ያመጣው እሱ መሆኑ አያጠራጥርም። ታሪኩ እንደሚነገረው በ1795 ሳንቲያጎ ውስጥ ገዥው አምብሮሲዮ ኦሂጊንስ ግብዣ ላይ የማያውቀው ፍሬ ቀረበ፤ ጥቂቱን ኪሱ ከተተ፣ መርከብ ላይ ዘራው፣ አምስት ችግኝ ይዞ ኬው ደረሰ። ከእነዚህ አንዱ እስከ 1892 ቆሟል።

የራት ግብዣው ላይ ጥንቃቄ ማድረግ ይበጃል። የዚህ ዛፍ ፍሬ ብዙ ጊዜ የሚበላው ተቀቅሎ ወይም ተቆልቶ ነው፤ የተቀቀለ ዘር አይበቅልም። ግብዣው እውነት ከሆነ የቀረበው ጥሬው መሆን አለበት። ወዲያው መዝራቱ ግን ፍጹም ትክክል ነበር፤ ይህ ዘር ከደረቀ በወራት ውስጥ ሕይወቱን ያጣል፣ በወረቀት ታሽጎ ለንደን ድረስ ቢሄድ ከንቱ ነበር። ከዳግላስ ጥድ ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ይታያል፦ ሜንዚስ ከፓሲፊክ ዳርቻ ያመጣው የደረቀ ናሙናውን ነበር፤ ብሪታንያ ውስጥ ዛፉ የተተከለው ዴቪድ ዳግላስ በ1827 ዘሩን ከላከ በኋላ ነው።

*እንዲህ ያሉ ሰዎች ወደ እኛ አገር መጥተው ያውቃሉ?* — ከባሕር ዳር

ሜንዚስ አልመጣም። ባንክስን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አለ፦ ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ተመልሶ በ1790 ጉዞውን ሲያሳትም የእኛን ኮሶ በባንክስ ስም ነበር የሰየመው፤ ስያሜው ግን አልጸናም። ከባሕር ኃይል ወገን የሚጠቀሰው የፈረንሳዩ መኮንን ቴዎፊል ለፌቭር ነው። ከ1839 ጀምሮ ሁለት ዕፀዋት ሰብሳቢ ሐኪሞች ይዞ ትግራይንና ሌላውንም አካባቢ ዞረ። ካርታን-ዲዮን በ1840 በንዳድ ሞተ፤ አንቷን ፔቲን በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። የሰበሰቧቸው ናሙናዎች ፓሪስ ደርሰው አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ላሳተመው የኢትዮጵያ ዕፀዋት ጥናት መሠረት ሆነዋል።